ጤፍ የማን ወገን ነው?

ስለ ሣር ገጽ ረቂቅ ምልክቶችና ስለ ሣሮች ዝምድና ለተማሪዎችና ለተሳላሚዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ሰው ወገኑ በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል። የብራና መጽሐፍም ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተቀዳ በጸሐፊው እጅና በግድፈቱ ይለያል። ሣር ግን አባቱን አይጠራም፤ የትውልድ መዝገብም የለውም። ታዲያ ይህ ሣር ለዚያኛው የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከሌላው ግን ይርቃል ብሎ ለመናገር ምን ማስረጃ ይገኛል? የዚህ ትምህርት ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

መልሱ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሣር ዝምድና በቁመቱና በዘለላው ብቻ አይታወቅም፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ ያለው፣ ዐይን ብቻውን የማያየው ረቂቅ ምልክት ታላቅ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ይህም ምስክር በሥርዓት ካልተጠየቀ ያሳስታል። ሁለቱንም ነገር ከምንበላው ከጤፍ ተነሥተን እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

፩. ስለ ሣር ቤተ ሰብ በጠቅላላው

ሣር ሲባል ከብት የሚግጠው ብቻ አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ሸምበቆና ቀርከሃ ሁሉም የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉበት አክርማና ስንደዶም ከዚሁ ቤት ናቸው። በዓለም ላይ እስከ አሁን ተለይተው ስም የተሰጣቸው የሣር ዓይነቶች ከ11,000 ይበልጣሉ። በአንጻሩ ለበዓል የሚጐዘጐዘው ቄጤማ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም፤ ከደንገል ጋር የሚቈጠር የሌላ ቤተ ሰብ ልጅ ነው። የቄጤማ አገዳ ቢቈረጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ የሣር አገዳ ግን ድቡልቡልና ባለ አንጓ ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው መልክ ብቻውን እንደሚያታልል እናያለን።

በአል ዐይን ከተማ በፈላጅ ሃዛ የሚኖር ወይም በዚያ የሚያልፍ ሰውም ይህን ትምህርት ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሀገራችን በየመንገዱ ዳር የምናውቀው ሰርዶ በዚያም ሣር መስክ ላይ ይተከላል። ውሃ ባለበት ሸምበቆ ይበቅላል። በአሸዋው ላይ ደግሞ በላቲን ስሙ ፓኒኩም ቱርጊዱም የተባለው ቊጥቋጦ መሰል ሣር ይገኛል፤ ይኸው ሣር በእኛም በቈላው ምድር ይበቅላል።

ሊቃውንት ይህን ታላቅ ቤተ ሰብ በ12 ንኡሳን ቤተ ሰቦች ከፍለውታል። ለዛሬው ትምህርታችን ሦስቱ ይበቁናል። አንደኛው የስንዴ ወገን ነው፤ በውስጡ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ እንክርዳድና በመንዝ ደጋ የታወቀው ጓሳ ይገኛሉ። ሁለተኛው የማሽላ ወገን ነው፤ በውስጡ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ስንደዶ ይገኛሉ። ሦስተኛው የሰርዶ ወገን ነው፤ በውስጡ ሰርዶ፣ ዳጉሳና አክርማ ይገኛሉ። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ጤፍ ከነዚህ ከሦስቱ በማን ቤት ይቈጠራል?

፪. ጤፍ በባዕድ ቤት

ጤፍ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የሳይንስ ስም ያገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1775 ጣልያናዊው አቲሊዮ ዙካኒ ‹‹ፖኣ ጤፍ›› ብሎ ሰየመው። በ1781 ደግሞ ዣኪን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ‹‹ፖኣ አቢሲኒካ›› አለው፤ የሐበሻ ፖኣ ማለት ነው። ፖኣ በአውሮፓ መስክ ላይ የሚበቅል ሣር ሲሆን ወገኑ ከስንዴ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ሊቃውንት አቈጣጠር ጤፍ የስንዴ ዘመድ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጤፍ ዘለላ ልቅና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ያለችው ትንሿ ዛላም በውስጧ ብዙ አበቦችን እንደ ቅርፊት ደራርባ ትይዛለች። የፖኣም ዘለላ እንዲሁ ነው። የሰርዶና የዳጉሳ ዘለላ ግን እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ስለሆነ፣ ጤፍን ከነርሱ ጋር ማስቀመጥ ለተመልካች እንግዳ ነገር ነበር።

ኋላ ጤፍ ከፖኣ ወጥቶ ኤራግሮስቲስ ከተባለው ነገድ ጋር ተቈጠረ፤ ዛሬም የሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ነው። ሆኖም ነገዱ ራሱ ከነልጆቹ ገና በዚያው በፖኣ ጎረቤት ነበር። በአሜሪካ ታላቅ የሣር ሊቅ የነበረው ሂችኮክ በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ እንኳ ኤራግሮስቲስ ከፖኣና ከጓሳ ዘመዶች ጋር በአንድ ክፍል ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ጤፍ ከ150 ዓመት በላይ በባዕድ ቤት ኖረ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቤት ያወጣው ምን እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

፫. በቅጠል ገጽ ላይ ያለው ጽሕፈት

የሣርን ቅጠል ከጫፍ ወደ ሥር በጣት ሲያሹት ይሻክራል፤ አንዳንዱም እጅ ይቈርጣል። ይህ የሆነበት ምክንያት ሣር ከአፈር ውስጥ ከውሃ ጋር ሲሊካ የተባለውን ነገር ስለሚጠጣ ነው። ሲሊካ የአሸዋና የመስተዋት ባሕርይ ነው። ውሃው በቅጠሉ በኩል ተንኖ ሲሄድ ሲሊካው ይቀራል፤ በቅጠሉም ቆዳ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ተጠራቅሞ እንደ መስተዋት ይጠነክራል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሣር ቅጠል ረቂቅ የመስተዋት ፈርጥ የተደረደረበት ልብስ ለብሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈርጦቹም እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ብዙዎቹ በ1 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ50 እስከ 100 ሊደረደሩ የሚችሉ ናቸው።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሣር ቅጠል ገጽ ላይ በተለይ አራት ነገሮች ይመረመራሉ።

1ኛ. ረጃጅም ሕዋሳት፤ እነዚህ በረድፍ የተሰለፉና ግድግዳቸው ብዙ ጊዜ እንደ ሞገድ የሚጠማዘዝ ናቸው።

2ኛ. አጫጭር ሕዋሳት፤ ከነዚህ ብዙዎቹ የሲሊካ ፈርጥ የተቀመጠባቸው ቤቶች ናቸው። ፈርጡ እንደ ወገኑ ልዩ ልዩ ቅርጽ አለው።

3ኛ. ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች፤ በግራና በቀኝ በር ጠባቂ የሚሆኑ ሕዋሳት አሏቸው።

4ኛ. ጸጉሮችና እሾሆች፤ ከጸጉሮቹም መካከል ከሁለት ሕዋሳት ብቻ የተሠሩ፣ እጅግ ረቂቅ የሆኑ አሉ።

እነዚህ ምልክቶች ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ መሆናቸው በበቆሎ ላይ በግልጥ ታውቋል። ቴኦሲንቴ የተባለው የበቆሎ የዱር አባት ፍሬው ሲሊካ በሞላበት ጠንካራ ሽፋን የተዘጋ ነው፤ የበቆሎ ፍሬ ግን ራቁቱን ነው። ይህን ልዩነት በብዙ የሚቈጣጠረው አንድ ዘረ መል መሆኑ በ2005 በታተመ ጥናት ተገልጧል። እንግዲህ የሲሊካው ነገር እንዲያው አፈርና ዝናብ የሚወስኑት ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ቅጠሉ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ፈርጡ አይጠፋም፤ በአፈር ውስጥ እስከ ብዙ ዘመን ይኖራል። በመካከለኛው ሕንድ በተገኘ፣ ወደ ድንጋይነት በተለወጠ የዳይኖሰር ፋንድያ ውስጥ የሣር ፈርጦች መገኘታቸው በ2005 ታትሞ ወጣ፤ ዕድሜውም ከ65 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከዚያ በፊት ሣሮች በየወገናቸው የተለያዩት ከዳይኖሰር በኋላ ነው የሚል አሳብ ነበር። ፈርጦቹ ግን በዚያን ጊዜ የተለያዩ ወገኖች እንደ ነበሩ መሰከሩ። በሀገራችንም በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ ከተቈፈረው አፈር እንዲህ ያሉ ፈርጦች ተለቅመው ጥንት በዚያ ምን ዓይነት ዕፅዋት እንደ ነበሩ ለማወቅ አገልግለዋል።

፬. ምስክሮቹ ስለ ጤፍ ምን አሉ?

የቅጠልን ገጽና ውስጣዊ አሠራር ለሣሮች አከፋፈል መጠቀም የጀመሩት በተለይ ፈረንሳውያን ናቸው። ዱቫል ዡቭ በ1875 ስለ ሣር ቅጠል አሠራር ጻፈ። ፕራ የተባለው ሊቅ በ1930ዎቹ የቅጠሉን ቆዳ ምልክቶች በሥርዓት ሰብስቦ የቀድሞው አከፋፈል መታረም እንዳለበት አሳየ። እንግሊዛዊው ሜትካፍ ደግሞ በ1960 የብዙ ሣሮችን ቅጠል አሠራር የያዘ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1965 ጨረር እየቃኘ ገጽን የሚያሳይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ምርመራው ይበልጥ ጠለቀ።

የሦስቱ ወገኖች ምልክት ባጭሩ እንደሚከተለው ነው።

በስንዴ ወገን ቅጠል ላይ ፈርጡ ክብ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንደ ከበሮ አንዱ አፉ ሰፋ ሌላው ጠበብ ያለ ነው፤ ወይም ሞላላ ሆኖ ጠርዙ ሞገድ ይመስላል። ባለ ሁለት ሕዋስ ረቂቅ ጸጉር ከጥቂቶች በቀር በዚህ ወገን አይገኝም።

በማሽላ ወገን ቅጠል ላይ ፈርጡ ከመካከሉ ቀጥኖ በሁለት ጫፉ የተድቦለቦለ ነው፤ የ8 ቍጥር መልክ አለው። አንዳንዱም እንደ መስቀል አራት ጫፍ ያወጣል። ረቂቁ ጸጉር እንደ ጣት ቀጭንና ረዘም ያለ ነው።

በሰርዶ ወገን ቅጠል ላይ ፈርጡ በብዛት ኮርቻ ይመስላል፤ ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ ሁለት ጎኑ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ረቂቁ ጸጉር በአብዛኞቹ ዘንድ አጭርና ራሱ የደነደነ ነው።

የኤራግሮስቲስ ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሥር በቀረበ ጊዜ ባለ ሁለት ሕዋስ ጸጉር ተገኘበት፤ ጠቅላላ አሠራሩም ከፖኣ ተለይቶ ከሰርዶ ወገን ጋር ገጠመ። የዘለላው ምስክርነት በቅጠሉ ምስክርነት ተሻረ።

ከዚያም ሌሎች ምስክሮች መጡ። ሩሲያዊው አቭዱሎቭ በ1931 ስለ ሣሮች ክሮሞሶም ሰፊ ጥናት አሳተመ። በስንዴ ወገን መሠረተ ቍጥሩ ብዙ ጊዜ 7 ነው፤ ገብስ 14፣ የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አላቸው፤ ሁለቱም በ7 ይካፈላሉ። ጤፍ ግን 40 ክሮሞሶም አለው፤ ይኸውም 4 ጊዜ 10 ነው። በ2001 ልዩ ልዩ ሊቃውንት ተባብረው የሣሮችን ዲ ኤን ኤ ከቅርጻቸው ጋር አስተያይተው ባሳተሙት ጥናትም ኤራግሮስቲስ ከሰርዶ ወገን መሆኑ ጸና።

እንግዲህ መልሱ ተገኘ። ጤፍ የዳጉሳ፣ የሰርዶና የአክርማ ወገን ነው። ከአክርማ በተሰፋ ሞሶብ ውስጥ የጤፍ እንጀራ ሲቀመጥ፣ ሞሶቡ ከውስጡ ካለው እንጀራ ጋር የሚዛመደው፣ ስንዴ ዳቦ ከእንጀራው ጋር ከሚዛመደው ይልቅ በቅርብ ነው።

፭. የጸሐፊ ግድፈት ምሳሌ

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ ይጠይቃል፤ ሁለት ሣሮች በአንድ ምልክት ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ይባላልን? አይባልም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከብራና መጻሕፍት የቀረበ ምሳሌ የለም።

አምስት የብራና ቅጂዎች በፊታችን አሉ እንበል። በአንድ ቦታ አምስቱም ትክክለኛውን ቃል ይዘዋል። ይህ አንዱ ከሌላው መቀዳቱን ያሳያልን? አያሳይም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው መጽሐፍ የወረሱት ነውና። በሌላ ቦታ ግን ሁለቱ ብቻ አንድ ዓይነት ግድፈት ይዘው ቢገኙ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ያንኑ መስመር ዘለው ቢጽፉ፣ ሁለቱ ከአንድ ተሳሳች ጸሐፊ መጽሐፍ እንደ ተቀዱ እንጠረጥራለን። ዝምድናን የሚገልጠው ሁሉም የያዙት የጥንቱ ንባብ አይደለም፤ ጥቂቶች ብቻ የሚጋሩት አዲስ ነገር ነው።

በሣርም እንዲሁ ነው። በቀዳዳዎቹ ዳር ያሉት በር ጠባቂ ሕዋሳት በሣሮች ሁሉ ዘንድ ከመካከላቸው ቀጥነው በጫፋቸው የወፈሩ ናቸው። ይህ የጥንት ንባብ ስለሆነ ጤፍን ከስንዴም ከማሽላም አይለይም። ባለ ሁለት ሕዋሱ ረቂቅ ጸጉርም በብዙ የሣር ወገኖች የሚገኝ የቆየ ነገር ነው። ስለዚህ ጤፍና ማሽላ ሁለቱም ጸጉር አላቸው ማለት ብቻውን የቅርብ ወንድማማች አያደርጋቸውም። በስንዴ ወገን ጸጉሩ መጥፋቱ ግን አዲስ ነገር ነው፤ እንደ ተዘለለው መስመር ስንዴን፣ ገብስንና አጃን ያስተሳስራል።

ናርዱስ የተባለ የአውሮፓ ሣር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። (ይህ ሽቱው ናርዶስ እንዳይመስላችሁ፤ ስም እንጂ ግብር አያገናኛቸውም።) ይህ ሣር ረቂቁ ጸጉር ስላለው በማን ቤት እንደሚቈጠር ብዙ አከራከረ። በዲ ኤን ኤ ሲመረመር ግን ከስንዴ ወገን ቀድሞ የተለየ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ጸጉሩ ከመጥፋቱ በፊት ስለ ተለየ የጥንቱን ንባብ እንደ ያዘ ቀረ።

የቃላትም ዝምድና የሚመረመረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ፈላጅ በዐረብኛ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ነው፤ በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው። የግእዙ ‹‹ገ›› በዐረብኛ ‹‹ጀ›› ሆኖ መገኘቱ በአንድ ቃል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ግመልም በዐረብኛ ጀመል ነው። አንድ ጊዜ የሚሆን መመሳሰል በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሥርዓት ያለውና የሚደጋገም መመሳሰል ግን የዝምድና ምልክት ነው።

፮. ምስክር ሲያሳስት

ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት ሊስቱት ይችላሉ። በሣርም ዘንድ በዝግመተ ለውጥ ሁለት የተራራቁ ወገኖች ለየብቻቸው አንድ ዓይነት ምልክት ያወጣሉ።

ኮርቻ መሰሉ ፈርጥ የሰርዶ ወገን ምልክት ነው ብለናል። ነገር ግን በሸምበቆና በቀርከሃም ቅጠል ላይ ኮርቻ የሚመስል ፈርጥ አለ፤ ሸምበቆና ቀርከሃ ግን ከሰርዶ ወገን አይደሉም። በደንብ ለሠለጠነ ዐይን ቁመታቸውና ጎናቸው ይለያል እንጂ፣ ቸኩሎ ላየ ሰው አንድ ናቸው። እንዲሁም በአንዳንድ የሰርዶ ወገን ሣሮች ላይ የማሽላን ፈርጥ የመሰለ ይገኛል። ስለዚህ ጥንቁቅ መርማሪ በአንድ ፈርጥ አይፈርድም፤ ብዙ ፈርጦችን ይቈጥራል፣ ጸጉሩን ያያል፣ ቀዳዳውን ይመለከታል፣ ክሮሞሶሙንና ዲ ኤን ኤውን ይጠይቃል።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌም አለ። ማሽላና ጤፍ ሙቀትንና የፀሐይ ብርሃንን በልዩ ዘዴ የሚጠቀሙ ሣሮች ናቸው፤ ስንዴ ይህ ዘዴ የለውም። ታዲያ ዘዴው ያላቸው ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ይመስላሉ። በ2012 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ይህ ዘዴ በሣሮች መካከል ከ22 እስከ 24 ጊዜ ለየብቻው መፈጠሩን አሳይቷል።

ረቂቁ ምልክት ሌላም ወሰን አለው። ወገንን ከወገን ይለያል እንጂ ወንድምን ከወንድም ለመለየት ሁልጊዜ አይበቃም። የጤፍ የቅርብ የዱር ዘመድ ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው አረም ሣር ነው፤ እርሱም 40 ክሮሞሶም አለው፤ በ2003 የታተመ የዘረ መል ጥናትም ቅርበታቸውን አጽንቷል። ሁለቱን በዋናነት የሚለያቸው የአረሙ ፍሬ ሲደርስ ቶሎ የሚረግፍ መሆኑ፣ ጤፍ ግን ገበሬው እስኪያጭደው ድረስ ፍሬውን ይዞ መቈየቱ ነው።

፯. የሁለት ጡቦች ነገር

እስከ አሁን የተማርነው ለምን እንደሚጠቅም ሁለት የጥንት ጡቦች ያስረዱናል። ጡብ ሲሠራ ጭድ ከጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ የእስራኤልን ልጆች የግብፅ ሥራ ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጭዱና ፍሬው ቢበሰብስ እንኳ ጭቃው ሲደርቅ መልካቸውን አትሞ ያስቀራል።

የመጀመሪያው ጡብ በአል ዐይን ከተማ ሰሜን በሂሊ የተገኘ ነው። ሂሊ 8 የተባለውን ቦታ ከ1977 እስከ 1984 በሰርዥ ክለዝዩ የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን ቈፈረው። ቦታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ዓመት ገደማ የተመሠረተ የእርሻ መንደር ነበር። ስንዴ፣ ገብስና ተምር ተገኘበት። በጡቡ ላይ ከታተሙት መልኮች መካከል ግን የማሽላ ነው የተባለ ነበረ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማሽላ የተገኘው ከአፍሪካ ስለሆነ፣ ነገሩ እውነት ቢሆን ማሽላ በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ዐረብ ምድር ደርሶ ነበር ማለት ነውና። ብዙ ሊቃውንት ግን ተጠራጠሩት፤ የመልክ መመሳሰል ብቻውን ይህን ያህል ነገር ሊሸከም አይችልም አሉ።

ሁለተኛው ጡብ በግብፅ በዳህሹር ፒራሚድ ያለው ነው። በ1860ዎቹ ኡንገር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ በዚያ ጡብ ውስጥ የጤፍ ፍሬ እንዳገኘ ጻፈ። ይህ ቃል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ፤ እኛም ኢትዮጵያውያን በደስታ ተቀበልነው። ነገር ግን በዓባይ ዳር የጤፍ ዘመዶች የሆኑ የዱር ሣሮች ይበቅላሉ፤ ፍሬያቸውም እጅግ ደቃቅ ሆኖ ከጤፍ ፍሬ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከኋላ የመጡት ሊቃውንት የኡንገርን ቃል አልተቀበሉትም።

በአንጻሩ በሥርዓት የተጠየቀ ምስክር ምን እንደሚመስል የምሥራቅ ሱዳን ሸክላ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 እና በ3000 ዓመት መካከል በተሠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ መልክ ታትሞ ነበር። መርማሪዎቹ የመልኩን ቅጂ አውጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። የተመለከቱትም የፍሬውን ትልቅነት ሳይሆን፣ ዛላው ከእናት ቅርንጫፉ የተለየበትን ጠባሳ ነው። የዱር ማሽላ ራሱ ስለሚረግፍ ጠባሳው ለስላሳ ነው፤ ሰው የዘራው ማሽላ ግን በውቂያ ተቀንጥሶ ስለሚለይ ጠባሳው ሻካራ ነው። በሸክላው ላይ ሁለቱም ዓይነት ተገኙ፤ ይኸውም ማሽላ በሰው እጅ እየተለመደ በነበረበት ጊዜ መሆኑን አስረዳ። ይህ ጥናት በ2017 ታተመ።

ከዚህ የምንማረው ለእኛ የተለየ ትምህርት አለ። ጤፍ የሀገራችን እህል መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ ለሰው ምግብነት የተለመደው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ክብሩን ለማጽናት የፒራሚድ ጡብ አያስፈልገውም። እውነተኛ ነገር በደካማ ምስክር ሲደገፍ ምስክሩ በወደቀ ጊዜ እውነቱም ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። ስለዚህ ለሀገራችን የሚመች ቃል በሰማን ጊዜ፣ ለማይመቸን ቃል የምናቀርበውን ጥያቄ ሁሉ ለእርሱም ማቅረብ ይገባናል።

፰. ልምምድ

የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ለሚያገኝ ተማሪ የሚከተለው ልምምድ ቀላል ነው።

1ኛ. የሰርዶ፣ የስንዴ ቡቃያና የበቆሎ ቅጠል አዘጋጅ፤ አቧራውን በውሃ አጥበህ አድርቅ።

2ኛ. በእያንዳንዱ ቅጠል የታች ገጽ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብተህ እስኪደርቅ ጠብቅ።

3ኛ. በደረቀው ላይ ጥርት ያለ ፕላስተር ለጥፈህ ቀስ ብለህ አንሣው፤ የቅጠሉ ገጽ መልክ ታትሞ ይነሣል።

4ኛ. በመስተዋት ላይ ለጥፈህ መጀመሪያ 100 ጊዜ፣ ቀጥሎ 400 ጊዜ አጕልተህ ተመልከት።

5ኛ. በጅማቶቹ ላይ የተሰለፉትን አጫጭር ሕዋሳት፣ በጅማቶቹም መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች ፈልግ፤ ያየኸውን ብቻ ሣል፤ ማየት የፈለግኸውን አትሣል።

ረቂቁ ጸጉር በዚህ ዘዴ ሁልጊዜ አይታይም፤ ባይታይህ የለም ብለህ አትደምድም። አለማየት ከአለመኖር ይለያል።

መደምደሚያ

ጤፍ በዘለላው የፖኣ ዘመድ ተባለ፤ በቅጠሉ ገጽ ከሰርዶ ወገን ተገኘ፤ በክሮሞሶሙና በዲ ኤን ኤው ነገሩ ጸና። ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ጎልቶ የሚታየው መልክ ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዝምድናን የሚገልጠው ሁሉም የወረሱት የጥንት ነገር ሳይሆን ጥቂቶች የሚጋሩት አዲስ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ረቂቅ ምስክርም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎች ጋር ሲስማማ ብቻ ይታመናል።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ቄጤማና ሰርዶ በምን ይለያሉ?
2. የሦስቱን የሣር ወገኖች ፈርጥ በሥዕል አሳይ።
3. ጤፍና ማሽላ ባለ ሁለት ሕዋስ ጸጉር ስላላቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው የሚል ሰው ቢኖር ምን ትመልስለታለህ? በብራና ቅጂዎች ምሳሌ አስረዳ።
4. ሸምበቆ ኮርቻ መሰል ፈርጥ እያለው ከሰርዶ ወገን የማይቈጠረው ስለ ምንድን ነው?
5. የሂሊው ጡብና የሱዳኑ ሸክላ ሁለቱም ስለ ማሽላ ይመሰክራሉ ተብሏል። የአንዱ ምስክርነት ሲጠረጠር የሌላው የታመነበትን ምክንያት ጻፍ።